የሰፈራችን እግሮች

ዝናብ ሰውን ካላሰበው ቤት ያስገባል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈራችን የታሪክ ማኅበር ስብሰባ ስሄድ፣ ጃንጥላዬን እንደ ልማዴ ቤት ረስቼ ኖሮ ዶፉ መንገድ ላይ ያዘኝ። የተጠለልኩት በአሮጌው የጫማ ሠሪዎች መንገድ ዳር ካለችው ከአባ ልኩ ሱቅ ጣራ ሥር ነው። እግር ጥሎኝ እንጂ አስቤበት አልነበረም። ዛሬ ዛሬ ሳስበው ግን፣ ማኅበራችን በዚያ ዓመት ለሠራው ደግ ሥራ ሁሉ ምስጋናው ለእኔ ዝንጉነት የሚገባ ይመስለኛል።

ያን መንገድ በደጉ ጊዜ ያየ አይረሳውም። እኔ ወጣት አስተማሪ ሆኜ ወደዚህ ሰፈር ስመጣ ጧት ጧት የሚቀሰቅሰኝ የመዶሻ ድምፅ ነበር። አንዱ ሱቅ ሲጀምር ቀጣዩ ይቀበለዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ መንገዱ በሙሉ ይንኳኳል። በየደጃፉ ቆዳ የተነከረበት በርሜል ተቀምጦ ስለነበር አፍንጫዬን ይዤ እየሮጥኩ አልፍ ነበር። ዛሬ ያ ሽታ ከየትም ቢመጣልኝ ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ በሳብኩት! ሰው ሞኝ ነው፤ የሚናፍቀውን ነገር በእጁ ሳለ አያውቀውም።

አሁን ጫማ በካርቶን ታሽጎ ከሩቅ ይመጣል። ሱቆቹ ተራ በተራ ተዘጉ፤ በመጨረሻም መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና የቀሩት እንዲለቁ ተነገራቸው። ቀሩ የሚባሉትም አባ ልኩ ብቻ ነበሩ። ይህ መጠሪያ እናት አባታቸው ያወጡላቸው አይደለም። ደንበኛ «ትንሽ ያጥብቡልኝ» ቢላቸው «ልኩ ይኸ ነው»፣ «ትንሽ ያስፉልኝ» ቢላቸውም «ልኩ ይኸ ነው» እያሉ ስለሚመልሱ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። እሳቸውም ወደውት ኖሩ።

ገርበብ ካለው በር ውስጥ ክርክር ይሰማል። የሰው ቤት ጭቅጭቅ ቆሞ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ለተማሪዎቼ ስንት ዘመን አስተምሬያለሁ፤ ጣራው ግን ያፈስ ስለነበር ወደ በሩ ይበልጥ ተጠጋሁ።

«አባባ፣ ይተዉ እባክዎ!» ትላለች አንዲት ሴት።

«ዞር በይ ልጄ፣ ወላፈኑ ይፈጅሻል» ይላሉ አባ ልኩ።

አንኳኩቼ ገባሁ። ክፍሏ ሦስተኛ ሰው የምትችል አይደለችም። አባ ልኩ ዝቅ ያለው ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ሙጫ የሚያሞቁበት የብረት ምድጃ ይነዳል። የልጅ ልጃቸው፣ የጤና ጣቢያችን ነርስ፣ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ መጥታ በምድጃውና በግድግዳው መካከል ቆማለች። ይህች ልጅ የማኅበራችን ጸሐፊ ናት። መርፌ ስትወጋ እጇ ለስላሳ ነው፤ ስትከራከር ግን ምሕረት አታውቅም።

ከበስተጀርባዋ ያለው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣራ በእንጨት እግር ተሸፍኗል። ጫማ ሠሪ ለደንበኛው ጫማ ከመስፋቱ በፊት የእግሩን መልክ ከእንጨት ጠርቦ ያወጣል፤ ፎርማ ይሉታል፤ ቆዳው የሚወጠረው በእሱ ላይ ነው። ረጅሙ፣ አጭሩ፣ ደልዳላው፣ ቀጭኑ፣ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተሰቅሏል። ከሥሩ አባ ልኩ ብቻ የሚያነቡት ምልክት በወስፌ ተፍቆበታል። ምድጃው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ግን ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል።

«ደህና መጡ መምህር፣ ይቀመጡ» አሉኝ፤ መቀመጫ አለመኖሩን ረስተው። «ይቺን ልጅ ይገሥጹልኝ።»

«ምን አጠፋች?»

«እንጨት አላስነድድ አለችኝ።»

«እንጨት ነው እንዴ ይኼ?» አለች ነርሷ ወደ እኔ ዞራ። «ጋሼ፣ ነገ ሱቁን ያስረክባሉ። ዛሬ ደግሞ የሰፈሩን ሰው እግር ሁሉ አመድ ሊያደርጉት ነው። ለማኅበሩ ይስጡን ብዬ ብለምን ብሠራ እምቢ አሉ።»

እኔም የማኅበሩ ሊቀመንበር መሆኔ ትዝ አለኝና ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «አባ ልኩ፣ ቅርስ ማለት እኮ የአንድ ሕዝብ...»

«ይቆዩኝ መምህር» ብለው በትሕትና አቋረጡኝ። «እኔ ሥራ የለመድኩት ከአንድ ደግ ሰው ነው። እሳቸው ዘንድ ሕግ ነበረ። ደንበኛ ሲሞት ፎርማው በዚያው ቀን ይቃጠላል። ‹ሰውዬው አርፏል፣ እግሩም ይረፍ› ይሉ ነበር። እኔም ዕድሜዬን በሙሉ እንዲሁ አደረግሁ። ቀብር ውዬ እመጣና እጄን ሳልታጠብ ምድጃውን አነዳለሁ። አሁን ደግሞ የሚሄደው ሱቁ ነው። ሱቁ ሲሄድ የቀሩትም መሄድ አለባቸው። ጠባቂ ጫማ ሠሪ የሌለው ፎርማ የሰው እጅ አይገባም።»

«ለምን አይገባም አባባ?» አለች ልጅቱ።

«እግር ሚስጥር ነዋ! ፊቱን ሰው ሁሉ ያየዋል። እግሩን የሚያዩት ሚስቱና ጫማ ሠሪው ናቸው። ሚስቱም አንዳንዴ ልብ ብላ አታየው። እዚህ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። አንደኛው እግሩ ከሌላው ያጥራል። ጫማውን ከውስጥ ከፍ አድርጌ እሰፋለት ስለነበር እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ነው ዕድሜውን የሄደው። ታዲያ ዛሬ ሁለቱን እግሩን ጎን ለጎን ሰቅዬ፣ ‹ኑ፣ እዩት› ልበል?»

እውነት ለመናገር ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ሰው ሁሉ በልቤ ማገላበጥ ጀምሬ ነበር። አባ ልኩ ገባቸው መሰል በዓይናቸው ገሠጹኝ።

«የእኔም አለ?» አልኩ ነገሩን ላስቀይስ ብዬ።

«ይኖራል እንጂ።»

«የእኔ እንኳ ምንም ሚስጥር የለውም።»

«የለውም፣ የለውም» አሉ አባ ልኩ። «በወጣትነትዎ እኔ እምቢ ስልዎ ከጎረቤቴ ከልክዎ ያነሰ ጫማ እያሠሩ፣ ማታ ማታ እያነከሱ ቤትዎ ይገቡ እንደነበር ከእኔ በቀር ማን ያውቃል?»

ነርሷ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተማረ ሰው እግሩ ትንሽ መሆን አለበት ብዬ አምን የነበረበት ዘመን ነበር፤ ከዚህ በላይ አላብራራም።

ልጅቱ ግን ቶሎ ወደ ቁም ነገሯ ተመለሰች። «አባባ፣ እኔም እኮ ሚስጥር ጠባቂ ነኝ። በሽተኛ ለእናቱ የማይነግረውን ለእኔ ይነግረኛል። ግን ሚስጥር ስለሆነ ብዬ አላቃጥለውም። ለሌላ የሚነገር ከሆነ ባለቤቱን እጠይቃለሁ፤ ባለቤቱ ከሌለ ቤተሰቡን። ‹አይሆንም› ካሉኝ አፌን እዘጋለሁ፤ ‹ይሁን› ካሉኝ ደግሞ ለሌላው በሽተኛ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እርስዎ ግን አንድም ሰው ሳይጠይቁ ነው የሁሉንም የፈረዱት።»

«ዝም አይነቅዝም ይባላል» አሉ አባ ልኩ።

«ዝም አይነቅዝም፤ እንጨት ግን ይነቅዛል። ይኸው፣ እዚህኛው ውስጥ ምስጥ ገብቶበታል። ባያቃጥሉትም እንዲሁ ቢተዉት ያልቃል። እኛ እኮ ዘይት ቀብተን፣ ደረቅ ቦታ አድርገን፣ ማን እንደነበር ጽፈን እንይዘዋለን።»

«ለማን ጥቅም? የዛሬ ልጅ ቢያየው የሚስቅ አይደል? ‹ይኼ የየትኛው ዝሆን እግር ነው› ነው የሚለው።»

«ይሳቅ! ከሳቀ በኋላ ይጠይቃል። ጤና ጣቢያ የሚመጡ ልጆች እኮ እዚህ መንገድ ላይ ጫማ ይሠራ እንደነበር አያውቁም። ነገ መንገዱ ሲሰፋ ደግሞ የሚያስታውሳቸው ግንብ እንኳ አይኖርም። ከዚያ ‹ሰፈራችሁን ውደዱ› እንላቸዋለን። የማያውቁት አገር አይናፍቅም አባባ፤ ይህን ያሉት እናንተው ናችሁ።»

በዚህ ላይ እኔም ሐሳብ ልጨምር ብዬ ማኅበራችን እስካሁን የሰበሰበውን ነገርኳቸው፤ የድሮው ወፍጮ ቤት ቁልፍ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል፣ የሰፈሩ ሹማምንት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው የተነሷቸው ፎቶግራፎች። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያማ ይበቃል» አሉ አባ ልኩ። «የትልልቆቹ ፎቶ ካለ የእኛ የተራዎቹ እግር ምን ያደርጋል?»

«እሱን ነው የምልዎት!» አለች ልጅቱ። «ሹማምንቱማ ፎቶ አላቸው። ደብዳቤ ለማድረስ ይህን ዳገት ስንት ዘመን የወጣው ፖስተኛ ምን አለው? በዝናብ፣ በጭቃ በየቤቱ እየሄደች ያዋለደችው አዋላጅ ምን አላት? እንደ እነሱ ላሉት የቀራቸው ይኼ ግድግዳ ብቻ ነው አባባ። እሱንም እርስዎ እያነደዱት ነው።»

ሽማግሌው ምድጃውን በፒንሳቸው ቆሰቆሱ። ነገሩ እንደ ነካቸው አየሁ፤ ግን ዕድሜ ልክ የያዙትን ሕግ በአንድ ከሰዓት በኋላ መጣል ቀላል አይደለም። እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንስተው ይህን ነው። አዛውንት እምቢ ሲሉ ድንቁርና ይመስለናል፤ አንዳንዴ ግን የያዙት የሞተ ወዳጅ አደራ ነው። «ቃል ቃል ነው» አሉና አጠገባቸው የነበረውን አንድ ፎርማ አንስተው ምድጃው ውስጥ ጨመሩ።

ወዲያው በሩ ተከፈተ። የገባችው ከመንገዱ ማዶ የምትሠራው ልብስ ሰፊ ናት፤ ጎልማሳ ሴት፣ ከነመለኪያ ሜትሯ፣ ራሷን በጨርቅ ከዝናቡ ከልላ። ደንግጣ ሁላችንንም ሰላም አለችና በሩ ሥር ቆመች።

«አባቴ፣ ነገ ይለቃሉ ሲሉ ሰምቼ ነው። አንድ ነገር ልለምንዎ። ሳልደፍር ስንት ጊዜ በዚህ በር አልፌያለሁ።»

«ምን ልጄ? ጫማ ነው?»

«አይ፤ የእናቴ ፎርማ። ጫማዋን እርስዎ ነበሩ የሚሠሩላት አሉ። እኔ መልኳን አላውቀውም፤ ስትሞት ገና ዳዴ እል ነበር። ፎቶግራፍም የላትም። እግሯን እንኳ አንድ ጊዜ በእጄ ብይዘው ብዬ ነው። መልሼ እሰጥዎታለሁ።»

ነርሷ እኔን አየችኝ። ሁለታችንም የልብስ ሰፊዋ እናት ማን እንደነበረች እናውቃለን፤ አሁን ስሟ የተነሳው አዋላጅ ናት። የእኔንም የመጀመሪያ ልጅ ያዋለደችው እሷ ነበረች።

አባ ልኩ ዞረው ባዶዎቹን ሚስማሮች አዩ። «የለም ልጄ» አሉ። «የተቀበረች ዕለት አቃጠልኩት።»

«አቃጠሉት?»

«ለክብሯ ብዬ ነው። ሕጋችን ነው። ከቀብሯ ስመለስ ሌላ ሥራ ሳልነካ ነው ያቃጠልኩት፤ ስለማከብራት።»

ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ይሁን፤ አላወቁም» ብላ በሩን ተደገፈች። እንዲያ ከምትል ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ።

ነርሷ ሴትዮዋን ልታስቀምጣት ብላ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ሣጥን ሳበች። በሣጥኑ ላይ በለስላሳ ቆዳ የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ ስታነሳው ቆዳው ተፈታና ጥንድ ፎርማ ብቅ አለ። የሴት እግር ነው፤ ትንሽ፣ በእጅ ብዛት የተወለወለ። አባ ልኩ ሊቀበሏት እጃቸውን ሰደዱ፤ አልደረሱም።

«ይኼስ የማን ነው አባባ?»

የተፈታውን ቆዳ ጎንበስ ብለው ሰበሰቡ።

«አባባ?»

«የአያትሽ ነው።»

«አያቴ እኮ ከሞተች ቆየች።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የቀበርኳት።»

«ታዲያ ሕጉስ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ምድጃው ድረስ ወስጄ መለስኩት። በማግስቱም ወስጄ መለስኩት። አልቻልኩም። ሥራ ስጀምር ጧት ጧት በእጄ እይዘዋለሁ። እሷ ሌላ ናት ልጄ። እሷ ለእኔ ሌላ ናት።»

«ለእኔም እናቴ ሌላ ነበረች» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ይህን ያለችው በዝግታ ነው፤ የምሬት ቃና አልነበረባትም። እኔ ስለ ቅርስ ጥቅም ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር በአፌ ውስጥ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት።

አባ ልኩ ድንገት ብድግ አሉ። ፒንሳቸውን አንስተው ምድጃው ውስጥ ሰደዱና አሁን የጨመሩትን ፎርማ መንጭቀው አወጡት፤ ቆዳ የሚነክሩበት ባልዲ ውስጥ ሲጨምሩት ቺስስ አለ። የእንጨቱ እግር በጣቱ በኩል ከስሏል። ገልብጠው ምልክቱን አዩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር» አሉ። «የእርስዎ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የሳቅነው፤ ልብስ ሰፊዋም ጭምር። ሳቁ ሲበርድ አባ ልኩ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠራርገው ለልጅ ልጃቸው እንዲህ አሏት፦ «ውሰጂው፤ ሁሉንም ውሰጂ። ግን እኔም ሕግ አለኝ። ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አንድም ግድግዳ ላይ አይወጣም። ያልፈቀደ ሰው ፎርማውን ይወስዳል፤ ቢሻው ያቃጥለዋል፣ ቢሻው ያስቀምጠዋል። ደግሞ መስታወት ውስጥ እንዳታስገቡት። የወዳጁን እግር መንካት የፈለገ ይንካ።»

«ልኩ ይኸ ነው አባባ» አለች ልጅቱና ግንባራቸውን ሳመች።

ማኅበራችን በአሮጌው ወፍጮ ቤት ክፍል ውስጥ ግድግዳውን በኖራ ቀብቶ ፎርማዎቹን ሰቀላቸው። አባ ልኩም ዱካቸውን ይዘው መጥተው ሥራቸው እንግዳ መቀበል ሆነ። ያልፈቀዱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሳንከራከር ሰጠናቸው። ብዙዎቹ ግን ፈቀዱ፤ ፈቅደውም አልቀሩ፣ እየመጡ የማናውቀውን ይነግሩን ጀመር። ኩርፊያቸው የቆየ ሁለት ወንድማማቾች በሩቅ አገር በመሞቱ ፎርማው ሳይቃጠል የቀረውን የአባታቸውን እግር ሊያዩ መጥተው ክፍሉ ውስጥ ተገናኙና አብረው ወጡ። ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላ ቤት ውለው ሲያረጁ የነበሩ ጫማ ሠሪዎች መዶሻቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ተማሪዎች በመጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ «ይኼ የማን ነው?» አሉ፤ ከዚያ ቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውን ጠየቁ። ያ አንድ እግሩ የሚያጥረው ሰውም አንድ ቀን ራሱ መጣ። «ሰዎች ሆይ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ጥንዱን በገዛ እጁ ሰቀለ። ልጆቹን ሰብስቦም ቀጥ ብሎ መሄድ ምን ያህል እንደሚያደክም አጫወታቸው። ማን እንደሆነ ስሰማ ግምቴ ሁሉ ስህተት መሆኑን አወቅሁ። የእኔ ከሰል ጣት በር አጠገብ ተሰቅሎ መሳቂያ ሆኗል፤ ለሰፈር ጥቅም የማይደረግ የለምና ቻልኩት።

እንግዲህ ታሪክን መጠበቅ ጥቅሙ ምንድን ነው የሚል ቢኖር መልሴ ይኸው ነው። ሕያዋንን ያስታርቃል፤ አዛውንት የሚናገሩበት፣ ልጅ የሚሰማበት ቦታ ይሰጣል፤ ተራ ሰውም ኖሮ እንዳልኖረ አይሆንም። ግን በማሰባሰብ ብቻ አይሆንም፤ አስፈቅዶ፣ አክብሮ፣ ከምስጥና ከእርጥበት ጠብቆ ነው። ይህን ሁለቱን፣ አክብሮቱን ከሽማግሌው፣ ጥንቃቄውን ከልጅቱ ተማርኩ።

ክፍሉ በተከፈተ ሰሞን ልብስ ሰፊዋ ልትረዳን መጥታ ወለል ትጠርግ ነበር። አባ ልኩ ከዱካቸው ሆነው አካሄዷን ሲያዩ ቆዩና ጠሯት።

«እስቲ ነይ ልጄ፤ ጫማሽን አውልቂ።»

ግር አላት። ቢሆንም ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አወለቀችም። ሽማግሌው እግሯን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። መለኪያ አልያዙም። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው የእግሯን ጀርባ ዳበሱ፤ ወደ ጣቶቿ ወረዱ፤ ሁለተኛዋ ጣት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይህን እግር እኔ ጠርቤዋለሁ» አሉ።

«አይ አባቴ፣ እኔ ጫማዬን ከሱቅ ነው የምገዛው።»

«አንቺማ ልክ ነሽ። የእናትሽን ነው የምልሽ።» ዓይናቸውን ገለጡ። «ልክ አንድ ነው አልልሽም፤ በልክ ላይ መዋሸት አልችልም። ተረከዝሽ የአባትሽ ይሆናል። ከዚህች ጀምሮ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ግን እናትሽ ናት። ሁለተኛዋ ጣት ከአውራዋ ትበልጣለች፤ ጀርባው እንዲህ ከፍ ይላል። ቆዳ ስወጥርላት ሁልጊዜ እዚህችው ቦታ ላይ ያስቸግረኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ እንጨት እንድናቀርብላቸው ጠየቁ፤ በዚያች እግር ልክ የአዋላጇን ፎርማ እንደገና ሊጠርቡላት። ነርሷ እንጨቱን ልታመጣ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ግን ጫማዋን ለመልበስ አልቸኮለችም። ባዶ እግሯን በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አሳርፋ፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች ጎንበስ ብላ ታየው ነበር።